ዴሲካንት የአየር ማድረቂያን በአቅሙ ልክ ማሠራት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከኮምፕሬሰር ጋር ለሚውል ሰው የተጻፈ ነው፤ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስተን ወደ አስቸጋሪው እንሄዳለን።

ዴሲካንት ድራየር አየሩን የሚያደርቀው እንዴት ነው?

ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ረጃጅም ታንኮች አሉት። ታወር ይባላሉ። ውስጣቸው የሞላው ዴሲካንት፣ ማለትም ውሃ የሚስብ ነጭ እንክብል ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሚሊሜትር ይሆናል። በብዛት የሚገኘው አክቲቬትድ አሉሚና ነው፤ ሲሊካ ጄል ወይም ሞለኪውላር ሲቭ የተሞላባቸውም አሉ። እርጥቡ አየር በታወሩ ውስጥ ሲያልፍ እንፋሎቱ እንክብሎቹ ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ውስጥ ተይዞ ይቀራል። ደረቁ አየር ወደ መስመሩ ይሄዳል።

ሁለት የሆኑት በፈረቃ ስለሚሠሩ ነው። አንዱ ሲያደርቅ ሌላው የጠጣውን ይተፋል። ሄተር በሌለው ዓይነት፣ ከደረቀው አየር ላይ ጥቂት ተቀንሶ፣ ግፊቱ ወደ ከባቢ አየር ግፊት ወርዶ፣ በሚያርፈው ታወር ውስጥ ይለቀቃል። አየሩ ሲሰፋ ይበልጥ ስለሚደርቅ ውሃውን ጠራርጎ በሳይለንሰሩ፣ ማለትም በድምፅ ማፈኛው፣ ይወጣል። ይህ አየር ፐርጅ ይባላል። ፈረቃው ብዙ ጊዜ በየ5 ደቂቃው ይለዋወጣል፤ ሙሉ ዙሩ 10 ደቂቃ መሆኑ ነው። በየጊዜው የሚያስደነግጠው "ፏሽ" የሚል ድምፅ፣ ተረኛው ታወር ግፊቱን ሲያራግፍ የሚሰማ ነው።

"ዲው ፖይንት -40" ሲባል ምን ማለት ነው?

አየሩ እስከ -40 ዲግሪ ካልቀዘቀዘ በስተቀር ውሃ አይወጣውም ማለት ነው። በአማርኛ የጤዛ ነጥብ ብንለው ያስኬዳል። አይሶ 8573-1 በሚባለው የጥራት ደረጃ -70 ክፍል 1፣ -40 ክፍል 2፣ -20 ክፍል 3፣ +3 ደግሞ ክፍል 4 ነው። እንደ ፍሪጅ አቀዝቅዞ የሚያደርቀው ማሽን +3 ላይ ይቆማል። ከዚያ በታች ከፈለጋችሁ ዴሲካንት ውስጥ ገባችሁ።

አንድ የሚያምታታ ነገር አለ። -40 የሚባለው በመስመሩ ግፊት ላይ እያለ ነው። ያው አየር ከ7 ባር ወደ ከባቢ አየር ግፊት ሲለቀቅ የጤዛ ነጥቡ ወደ -57 አካባቢ ይወርዳል። ስለዚህ ሁለት መሣሪያ የተለያየ ቁጥር ቢያሳያችሁ አንዱን ተበላሽቷል ከማለታችሁ በፊት፣ የትኛው በግፊት ላይ እንደሚለካ እዩ።

ኔምፕሌቱ (ማሽኑ ላይ የተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ) ላይ 10 ሜትር ኩብ በደቂቃ ይላል። ሁልጊዜ 10 ያደርቃል?

አያደርቅም። ይህን ጥያቄ የሚጠይቅ ሰው ቢበዛ ከሌሎቹ ጥያቄዎች ግማሾቹ ባልመጡ ነበር።

ያ 10 የሚሠራው ሦስት ነገሮች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው። የሚገባው አየር 7 ባር ግፊት ሲኖረው፣ ሙቀቱ 35 ዲግሪ ሲሆን፣ ፍሰቱም ከ10 ሳያልፍ። አንዳንድ አምራቾች ሙቀቱን 38 ዲግሪ ላይ ስለሚያስቡት የራሳችሁን ማኑዋል ክፈቱ። ከሦስቱ አንዱ ሲነቃነቅ ቁጥሩ አብሮ ይነቃነቃል። "ድራየሩ ሞቷል፣ መስመር ላይ ውሃ አለ" ተብዬ ስጠራ መጀመሪያ የምመለከተው ማሽኑን አይደለም፤ እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ነው። ብዙውን ጊዜ ማሽኑ ደህና ሆኖ ይገኛል፤ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበት ነው።

የሚገባው አየር ቢሞቅ ምን ችግር አለው? ዞሮ ዞሮ አየር አይደል?

ከሁሉም የከፋው ሙቀት ነው። ሙቅ አየር ብዙ ውሃ ተሸክሞ ይመጣል። በ35 ዲግሪ፣ እርጥበት የጠገበ አንድ ሜትር ኩብ አየር 40 ግራም ያህል ውሃ ይይዛል። በ40 ዲግሪ 51 ግራም ይሆናል። በ45 ዲግሪ 65፣ በ50 ዲግሪ 83። ከ35 ወደ 50 ሲሞቅ የውሃው ጭነት ከእጥፍ አለፈ ማለት ነው። የታወሩ መጠን ግን ያው ነው።

በዚህ ላይ እንክብሉ ራሱ ሲሞቅ የመያዝ አቅሙ ይደክማል። የሚመጣው ውሃ በዝቶ፣ ተቀባዩ ደግሞ ሰንፎ። ለዚህ ነው 5 ዲግሪ "ምንም አይደለም" የማይባለው። ብዙ ማሽኖች የመግቢያ ጣሪያቸው 50 ዲግሪ አካባቢ ነው። ያ ግን ማሽኑ ሳይጎዳ የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ -40 የሚሰጥበት ሙቀት አይደለም። ሁለቱን የሚያምታታ ብዙ ነው።

መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ድራየሩ ጋ የለም። ኮምፕሬሰሩ ላይ ያለው አፍተርኩለር፣ ማለትም የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል፣ በአቧራና በዘይት ተደፍኖ ይሆናል። ወይም ክፍሉ ታፍኖ፣ ኮምፕሬሰሩ ራሱ የተፋውን ሙቅ አየር መልሶ ይስባል። ወደ ድራየሩ የሚገባውን ቱቦ በእጃችሁ ያዙት። አቃጥሏችሁ ወዲያው ከለቀቃችሁት ወደ 50 ዲግሪ ተጠግቷል ወይም አልፏል። እጅ ግን ቴርሞሜትር አይደለም፤ መግቢያው ላይ አንድ ቴርሞሜትር አስገጥሙ። ቀዝቀዝ ያለ አየር በተቃራኒው ለድራየሩ ምቾት ነው፤ ወደ በረዶነት እስካልተጠጋ ድረስ።

ኤሌክትሪክ ለመቆጠብ ግፊቱን ከ7 ወደ 5 ባር ብቀንስስ?

ለኮምፕሬሰሩ ጥሩ ነው። ድራየሩን ግን ሳትጠይቁ አታድርጉት።

አየር ግፊቱ ሲቀንስ ይሰፋል። ጌጁ (የግፊት መለኪያው) 7 ባር ሲያነብ ትክክለኛው ግፊት የከባቢ አየሩ ተደምሮበት 8 ገደማ ነው፤ 5 ባር ሲያነብ 6 ነው። ኮምፕሬሰሩ የሚስበው አየር ሳይቀንስ ግፊቱ ብቻ ከወረደ፣ በታወሩ ውስጥ የሚያልፈው ይዘት 8 ለ6፣ ማለትም በሲሶ ይጨምራል። ፍጥነቱም በሲሶ፣ ውሃውም በሲሶ። ስለዚህ 10 ይል የነበረው ማሽን 7.5 ብቻ ሆነ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ የጌጁ ንባብ ላይ 1 ደምሩና ለ8 አካፍሉት።

ሁለተኛው ጣጣ ፐርጁ ላይ ነው። ፐርጁ የሚያልፈው በአንዲት ጠባብ ቀዳዳ ነው። ግፊቱ ሲቀንስ በቀዳዳዋ የሚያልፈው አየርም በሩብ ይቀንሳል። ወደ ታወሩ የሚገባው ውሃ ጨመረ፣ የሚያወጣው አየር ቀነሰ። የመጀመሪያው ቀን ምንም ላይታያችሁ ይችላል። ታወሩ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ውሃ እያስቀረ ሄዶ፣ አንድ ቀን ዲው ፖይንቱ በድንገት ከፍ ይላል። ዝቅ ባለ ግፊት መሥራት የግድ ከሆነ አምራቹን ሰፋ ያለ ኖዝል (የፐርጅ ቀዳዳ) ጠይቁ፤ ፍሰቱንም በዚያው ልክ ቀንሱ።

ግፊቱን ወደ 10 ባር ብጨምርስ?

ለማድረቁ ይጠቅማል። አየሩ ይጠባል፣ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ውሃውም ይቀንሳል። ሁለት ነገር ብቻ ተመልከቱ። አንደኛ፣ ታወሩ ላይ የታተመውን ከፍተኛ የሥራ ግፊት። እሱን ማለፍ ለድርድር አይቀርብም፤ የሴፍቲ ቫልቩን ማስተካከያ ነካክቶ ማለፍማ ጭራሽ አይታሰብም። ሁለተኛ፣ ለ7 ባር የተመረጠ የፐርጅ ኖዝል በ10 ባር 37 በመቶ ያህል ተጨማሪ አየር ያባክናል። ጠበብ ባለ ኖዝል ይተካ፣ ወይም የፐርጅ ቫልቩ በማኑዋሉ መሠረት ይስተካከል።

ኮምፕሬሰሬ 10 ሜትር ኩብ፣ ድራየሬም 10። ይበቃኛል?

መጀመሪያ ከ10ሩ ላይ ፐርጁን ቀንሱ። ሄተር የሌለው ዓይነት ከአቅሙ 15 በመቶ ያህሉን ለራሱ ይወስዳል። ወደ ሥራችሁ የሚደርሰው 8.5 ነው። ሄተር ያለው ዓይነት 7 በመቶ አካባቢ ይወስዳል። በብሎወር ከውጭ አየር ስቦ የሚያሞቀው ደግሞ ከታመቀው አየር የሚነካው ጥቂት ነው፤ በምትኩ ኤሌክትሪክ ይበላል።

ከዚያ የራሳችሁን ሁኔታ አስገቡ። አየሩ 6 ባርና 40 ዲግሪ ነው እንበል። ለግፊቱ 7 ለ8 ሲካፈል 0.875። ለሙቀቱ የአምራቹን ሠንጠረዥ ተጠቀሙ፤ በውሃው መጠን ብቻ ብንገምት 40 ለ51፣ ማለትም 0.78 ገደማ ነው። ሲባዙ 0.68 ይመጣል። የእናንተ "10" እንግዲህ 6.8 ነው። 10 ሜትር ኩብ ለማድረቅ ኔምፕሌቱ ላይ 15 የሚል ማሽን ያስፈልጋችኋል።

ትልቅ ማሽን ስትገዙ ፐርጁም አብሮ እንደሚያድግ አትርሱ። የ15ቱ ማሽን ፐርጅ በ7 ባር 2.25 ነው፤ በ6 ባር ወደ 2 ይወርዳል። ከ10ሩ የሚቀራችሁ 8 ነው። ይህን ሳያስብ ኮምፕሬሰር የገዛ ሰው ነው በኋላ "አየር አልበቃ አለኝ" የሚለው።

አንድ ትልቅ ማሽን በድንገት ብዙ አየር ሲስብ ድራየሩ ይጎዳል?

ሊጎዳ ይችላል። በታወሩ ውስጥ ያለው ፍጥነት ከልክ ሲያልፍ እንክብሎቹ ከተኙበት ይነሳሉ፤ እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ይደቃሉ። ለዚህ ነው ከድራየሩ በኋላ የደረቅ አየር ታንክ የሚቀመጠው። ድንገተኛውን ፍላጎት ታንኩ ይሸከመዋል። ከድራየሩ በፊት ያለው ታንክ ውሃ ለማራገፍ ይረዳል፤ ነገር ግን እሱ ብቻ ካለ፣ ጎርፉ በሙሉ ታንኩን አራግፎ በድራየሩ በኩል ነው የሚያልፈው።

ጠዋት ማሽኑን ስታስነሱም እንደዚሁ። መስመሩ ባዶ ሆኖ አድሯል። የመውጫውን ቫልቭ በአንዴ ጥርግ አድርጎ መክፈት ማለት፣ ድራየሩን ወደ ባዶ ቱቦ መልቀቅ ነው። መጀመሪያ ታወሮቹ ግፊት ይሙሉ። ከዚያ ቫልቩን ትንሽ ትንሽ እያላችሁ ክፈቱት።

ፈሳሽ ውሃ ወይም ዘይት ቢገባበትስ?

ድራየሩ የተሠራው ለእንፋሎት ነው። ፈሳሹን መያዝ ከፊት ያለው የፊልተር ሥራ ነው። ሲሊካ ጄል ፈሳሽ ውሃ ሲያገኘው ይሰነጣጠቃል። አሉሚና የተሻለ ይችላል፤ ግን እሱም ቶሎ ይጠግባል። ዘይት ደግሞ ጭራሽ የማይመለስ ነው። እንክብሉን ቀብቶ ቀዳዳዎቹን ይደፍናል፤ ፐርጅ አያወጣውም።

አንድ ቦታ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ዴሲካንቱ ከተቀየረ አምስት ወር አልሞላውም፤ መስመሩ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል። ታወሩን ስንከፍተው እንክብሎቹ ነጭ መሆናቸው ቀርቶ ቡናማ ሆነዋል። በእጄ ዘገን ሳደርጋቸው እርስ በርስ ተጣብቀው ጓል ሆነው መጡ፤ መዳፌ ላይ የዘይት ወዝ ቀረ። ወደ ፊት ፊልተሩ ሄድን። ከሥሩ ያለው የውሃ ማውጫ፣ ድሬን ቫልቩ፣ ተዘግቷል። ማን ዘጋው? የሌሊት ተረኛው። ለምን? "አየር ያባክናል ብዬ።" ልጁ ክፉ ነገር አላሰበም፤ ድሬኑ ተበላሽቶ ያለማቋረጥ ይተነፍስ ነበር፣ ማንም አልጠገነለትም። አንድ ድሬን ሁለት ታወር ሙሉ ዴሲካንት በላ።

ድሬኑን በየቀኑ እዩት። በእጅ ሲከፈት ብዙ ውሃ ከገፋ አውቶማቲኩ አልሠራም ማለት ነው። የፊልተሩን ኤለመንትም ቢያንስ በዓመት አንዴ ለውጡ፤ የግፊት ልዩነት ማሳያው ቀይ ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓመት አትጠብቁ።

ሳይለንሰሩ ነጭ ዱቄት ይተፋል። ምንድን ነው?

የደቀቀ ዴሲካንት ነው። አዲስ ሲሞላ ትንሽ ዱቄት መኖሩ ያለ ነው፤ በጥቂት ቀን ይጠራል። ካልጠራ ወይ ፍጥነቱ በዝቷል፣ ወይ ታወሩ ፈረቃ ሲቀይር ግፊት ሳይሞላ እየገባ ነው። ያረፈው ታወር ወደ ሥራ ከመመለሱ በፊት ቀስ ብሎ ወደ መስመሩ ግፊት መድረስ አለበት። ከዜሮ ወደ 7 ባር በአንድ ምት ከዘለለ እንክብሉን ይፈጨዋል። ጌጁን አጠገቡ ቆማችሁ እዩት፤ መርፌው ቀስ ብሎ ይወጣል ወይስ ይዘላል?

ዱቄቱ ሳይለንሰሩንም ይደፍናል። ይሄ ተንኮለኛ ብልሽት ነው። የመኪና ማርሚታ ሲደፈን እንደሚሆነው ሁሉ፣ መውጫ ያጣው ፐርጅ በታወሩ ውስጥ ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊት ያለበት አየር ደግሞ ውሃ በደንብ አያነሳም። የሚያርፈው ታወር ጌጅ ዜሮ ላይ መተኛት አለበት። 0.3 ባር እና ከዚያ በላይ ካሳየ ሳይለንሰሩን አውጥታችሁ አጽዱ ወይም ቀይሩ።

ዲው ፖይንቱ ከፍ ብሏል። ዴሲካንቱን ልቀይረው?

ገና ነው። በንጹሕ አየር የሚሠራ ዴሲካንት ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት ይቆያል፤ ርካሽም ሥራ አይደለም። መጀመሪያ የመግቢያውን ሙቀት እዩ። ከዚያ ድሬኑን፣ ሳይለንሰሩን፣ የሚያርፈውን ታወር ጌጅ። ከሳይለንሰሩ የሚወጣው ነፋስ ከወትሮው ከበረታ አንድ የፈረቃ ቫልቭ እያሳለፈ ይሆናል። አየሩ ድራየሩን ዘሎ የሚያልፍበት ባይፓስ በደንብ አልተዘጋም ይሆን? ይህ እንደ ቀልድ ይመስላል፤ ግን ያጋጥማል። ሴንሰሩም ራሱ ይዋሻል፤ በተለይ ዘይት ከነካው ወይም በተራ የጎማ ቱቦ ከተገናኘ፣ ጎማው እርጥበት ስለሚያሳልፍ።

ማሽኑ ለቀናት ቆሞ ከተነሳ ደግሞ ጊዜ ስጡት። -40 ለመድረስ ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። መውጫውን ዘግታችሁ ወይም ፍሰቱን ቀንሳችሁ ጥቂት ዙር አስኬዱት።

የግድ መቀየር ካለበት፣ ታወሩን ከመክፈታችሁ በፊት ማሽኑ ተቆልፎ ጌጁ ዜሮ መሆኑን አረጋግጡ፤ የአቧራ ማስክም አድርጉ። ፍጆታችሁን አስባችሁ ግማሹን ብቻ አትሙሉ። ጎዶሎ ታወር ውስጥ እንክብሉ መፋተጊያ ቦታ ያገኛል።

ፋብሪካው የሚሠራው በግማሽ ጭነት ነው። ፐርጁን ጠበብ ላድርገው?

ቫልቩን ዝም ብሎ ማጥበብ አይመከርም። ነገ ሙሉ ጭነት ሲመጣ ማን ያስታውሰዋል? ችግሩ ግን እውነተኛ ነው። የፐርጁ መጠን በጭነቱ አይቀንስም፤ ስለዚህ በግማሽ ጭነት 15 በመቶው ወደ 30 በመቶ ይጠጋል። ትክክለኛው መንገድ በዲው ፖይንት የሚመራ መቆጣጠሪያ ነው። ታወሩ እስኪጠግብ ፈረቃውን ያራዝማል፤ በዚያ ጊዜ ፐርጅ የለም።

ከኮምፕሬሰሩ ጋርም አገናኙት። ኮምፕሬሰሩ ቆሞ ድራየሩ ፐርጅ ከቀጠለ ታንካችሁን በሳይለንሰሩ በኩል ያፈሰዋል። ሄተር ያለው ማሽን ግን ማሞቂያው ላይ እያለ መብራቱን ድንገት ማጥፋት ጥሩ አይደለም፤ ማኑዋሉ የሚለውን የአጠፋፍ ተራ ተከተሉ።

የምንሠራው ከፍታ ቦታ ላይ ነው። ስሌቱ ይለወጣል?

ይለወጣል፤ ያውም ሰው በሚጠብቀው አቅጣጫ አይደለም። በ2,400 ሜትር ከፍታ የከባቢ አየሩ ግፊት 0.76 ባር ያህል ነው። ኮምፕሬሰሩ ያንኑ 10 ሜትር ኩብ ቢስብም አየሩ ስስ ነው። 7 ባር ላይ ሲታመቅ በታወሩ የሚያልፈው ይዘት ባሕር ጠለል ላይ ከነበረው በሩብ ገደማ ያንሳል። ለድራየሩ እፎይታ ነው።

ለእናንተ ግን አይደለም። በፐርጅ ቀዳዳው የሚያልፈው አየር እምብዛም አይቀንስም፤ የመስመሩ ግፊት ያው 7 ባር ነውና። ስለዚህ 15 በመቶ የነበረው ፐርጅ ከምትስቡት አየር አንጻር ወደ 19 በመቶ ይወጣል። ሌላም አለ። በአየር የሚቀዘቅዘው አፍተርኩለር በስስ አየር ሙቀት በደንብ አያስወግድም። ስለዚህ ከፍታ ላይ በፍሰት ያተረፋችሁትን በመግቢያ ሙቀት ልትከፍሉት ትችላላችሁ። አፍተርኩለሩን ከፍ ያለ ቁጥር ምረጡ፤ ኮምፕሬሰሩን ስታዙም ከፍታችሁን ለሻጩ በሜትር ንገሩት።